ቀጭን ሰው የለካው መኝታ

በ2015 ዓ.ም. ሰባ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ክብደቴን አትጠይቁኝ። ሚስቴ ፋጡማ ለኦፕራሲዮን ደጋ ላይ ያለ ሆስፒታል ገባች። አስታማሚ የሚተኛው መሬት ላይ ነው ተባልኩ።

«አንተ የቆላ ሰው ነህ፣ ብርዱ ይገድልሃል። እህቴ ትምጣልኝ» አለችኝ በስልክ።

እምቢ አልኩ። አርባ ዓመት ከጎኗ ተኝቼ ያን ቀን ለሰው ልተዋት?

ሸዋ ሮቢት ገበያ ሄጄ ሰው ገብቶ በዚፕ የሚዘጋውን የመኝታ ከረጢት ጠየቅኩ። ሰፊ ይሁን አልኩ፤ ጉልበቴ ሸክም ስለማይችል ደግሞ ቀላል ይሁን።

እንግዲህ ዓለሙን ሁሉ በራሱ ቁመና የሚለካ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ባለሱቁ እንደ ማሽላ አገዳ የቀጠነ ነው። አንዱን ከረጢት ዘርግቶ ራሱ ገባበትና ተገላበጠ።

«ይኸው ጋሼ ሰዒድ፣ ሜዳ ነው!»

እኔም ሞኙ አምኜ ከፈልኩ። ስገባበት ዚፑ ሆዴ ላይ ቆመ።

«ሆድዎን ትንሽ ሳብ ያድርጉት።»

«ሌሊቱን ሙሉ ስቤው ልደር?»

ሦስት ሰው ጎትቶ አወጣኝ። የተከፈተ ዕቃ አይመለስም ተባለ። ቆሞ ያይ የነበረው ጎረቤቴ ሐሰን፣ «አይዞህ፣ ብርዱ ቢገድልህም ከፈኑ እንደሆነ ለሁሉም ይበቃል» አለኝ። ገበያው ሳቀ። እኔ ግን ፋጡማ ትዝ አለችኝና ከረጢቱን ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ የከረጢቱን ጎን ከላይ እስከ ታች አስቀደድኩ፤ የፋጡማን አሮጌ ቀሚስ መሐሉ አስገብቼ አስሰፋሁና ወደ ደጋ በሚወጣው ሚኒባስ ተሳፈርኩ።