አንቀጽ ሰባት፦ ሊሞላ የቀረበውን መኪና ስለመምረጥ

የከተማችን የእንግዳ አቀባበል ጽሕፈት ቤት ከስምንት ወር ያላሰለሰ ስብሰባ በኋላ «በጋና ብቻውን ለሚጓዝ እንግዳ የተሰጠ ተግባራዊ ምክር» የተሰኘ መጽሐፍ ማበርከቱን ስገልጽ ክብር ይሰማኛል። ደራሲው ኃላፊያችን አቶ አግቤኮ ናቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በመሥሪያ ቤት መኪና ብቻ ስለተጓዙ፣ ስለ ሕዝብ ማመላለሻ የሚሰጡት አስተያየት ከማንኛውም ወገንተኝነት የጸዳ ነው።

የመጽሐፉ ዕንቁ አንቀጽ ሰባት ነው፦ «የሕዝብ መኪና የሚነሳው ሲሞላ ነው። ስለሆነም ብልህ ተጓዥ ባዶውን ትቶ ሊሞላ የቀረበውን ይመርጣል።»

መጽሐፉ በየሆቴሉ ተበተነ። የቀረን ዓርብ በስድስት ሰዓት ስለ መጽሐፉ አክራ ላለው ኮሚቴ ማስረዳት ነበር። ከዘገየን ጽሕፈት ቤቱ እንደሚዘጋ በደብዳቤ ተነግሮናል።

አቶ አግቤኮ ግን «በራሴ ምክር ነው የምጓዘው» ብለው የመሥሪያ ቤቱን መኪና አሳረፉት። ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ደረስን። ሦስት ሰዓት ለሚፈጅ መንገድ ይህ ከበቂ በላይ ነው። አምስት ባዶ ሚኒባሶችን በንቀት አልፈን፣ ሞልቶ ጥቂት ወንበር የቀረው አገኘን። አንዱ ተሳፋሪ ሻንጣ ታቅፏል፣ ሌላው መስኮት ተደግፎ ያንኮራፋል።

«ስንት ቀረህ?» አሉት ረዳቱን።

«እናንተ ከገባችሁ ሁለት ሰው ብቻ፣ አለቃ። መሄዳችን ነው።»

«አየህ?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው።

ኬንኬ የሚባለውን የበቆሎ ሊጥ ቅቅል በቅርጫት የያዙ ሴትዮ ገቡ። የሚያንኮራፋው ሰው ድንገት ነቅቶ ወረደ።

«አሁንስ?»

«ሁለት ሰው ብቻ።»

ሁለት ወንድማማቾች ገቡ። ባለ ሻንጣውና ጎረቤቱ ወረዱ። አቶ አግቤኮ በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ «የአገሬው ሰው ከጉዞ በፊት እግሩን ማፍታታት ይወዳል» ብለው ጻፉ። አራት ሰዓት ሆነ። ሁለት ሰው ብቻ ቀረ።

ባለ ቅርጫቷ አላስቻላቸውም። «ኤፎ፣ ወንድሜ፣ አንተ እዚህ አገር አልተወለድክም እንዴ? እነዚያ እኮ የመናኸሪያው ሰዎች ናቸው። መኪናው የሞላ እንዲመስል ይቀመጣሉ፣ እውነተኛ ተሳፋሪ ሲመጣ ይወርዳሉ።»

«ታዲያ እርስዎ እያወቁ ለምን ገቡ?»

«እኔ ምን አስቸኮለኝ? የቸኮለ ሰው ትናንት ይነሳል።»

አቶ አግቤኮ ወርደው የመናኸሪያውን አለቃ ሴሎምን በሕግ አምላክ አሉት። ሴሎም ክራባታቸውን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ጌታዬ፣ ዛሬ ሰው ከሌላው ቀን ቶሎ የገባው ለምን ይመስልዎታል? እርስዎን እያየ እኮ ነው። ‹ይሄ ሰውዬ ቀጠሮ አለው፣ መኪናው መነሳቱ ነው› ይላል። የእኔ ልጆች በስንት ዓመት ያልቻሉት ፊት አለዎት።»

መኪናው በሰባት ሰዓት ተነሳ። ጽሕፈት ቤቱ ሰኞ ተዘጋ።

ዛሬ አቶ አግቤኮ በየማለዳው ክራባታቸውን አስረው፣ ቦርሳቸውን ታቅፈው ከሹፌሩ ኋላ ይቀመጣሉ። እኔም ከጎናቸው አለሁ። መኪኖች በሃያ ደቂቃ ይሞላሉ። ጽሕፈት ቤታችን ከተቋቋመ ጀምሮ ለተጓዥ የሰጠው የመጀመሪያው ጥቅም ይኸው መሆኑን መመስከር ግዴታዬ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ፈረንጅ መጽሐፋችንን ገልጦ መጣ። አንቀጽ ሰባትን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣ ባዶዎቹን አለፈ፣ በመስኮታችን አጎንብሶ አቶ አግቤኮን አየና ፈገግ ብሎ ገባ።

«ስንት ሰው ቀረ?» አለ።

«ሁለት ብቻ» አሉት አቶ አግቤኮ፣ ቦርሳቸውን አንስተው እየወረዱ።