የቀን እንቅልፍ ጠባቂዋ እትዬ ሸዋዬ

በየትኛውም የፋብሪካ ሰፈር ጸጥታ አስከብራለሁ እያለ ሰፈሩን የሚያውክ አንድ ሰው አይጠፋም። ባሕር ዳር ውስጥ፣ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አጥር ሥር በተኮለኮሉት ጠባብ ቤቶች መካከል ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት፣ ማንም ሳይሾማቸው የተሾሙት ክብርት እትዬ ሸዋዬ ነበሩ።

ሰፈሩ የሚኖረው በሦስት ፈረቃ ነው። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ ሦስተኛው ያንኮራፋል። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ሰው ጠዋት ሲተኛ በበሩ እጀታ ላይ የአቡጀዲ ቁራጭ ያስራል። አቡጀዲው ከታየ በዚያ ደጅ በርበሬ አይወቀጥም፣ ሬዲዮ አይከፈትም፣ ባልና ሚስትም ጠባቸውን ለማታ ያሳድራሉ። ሕጉን ማን እንዳወጣው አይታወቅም። የሚያስፈጽመው ሰው ድምፅ ግን ከከተማው ውጭ ሰባታሚት ድረስ ይሰማል።

«ዝም በሉ! ሰው ተኝቷል!»

ይህን ሲሉ የተኛው ይነቃል፤ ያልተኛውም ይደነግጣል። የፈትል ክፍል ሠራተኛው ዳኘው አንድ ጠዋት ዓይኑን እያሻሸ ወጥቶ፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ በጫጫታው መካከል ደኅና ተኝቼ ነበር፤ የቀሰቀሱኝ እርስዎ ነዎት» ቢላቸው፣ «ታዲያ ባትነቃ ኖሮ ጸጥ እንዳሰኘሁልህ በምን ታውቅ ነበር?» አሉት። ዳኘው ተመልሶ ተኛ።

ሥልጣናቸው ወሰን አልነበረውም። የሙሽራ አጃቢ «እልልታችሁን ሐይቁ ዳር ጨርሱና ግቡ» ተብሎ ተመልሷል። በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ደጅ ወጥተው ወደ ሰማይ በቁጣ ሲመለከቱ ታይተዋል፤ ወዲያውኑ አባራ የሚሉም አሉ። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚያወራበት በዚያ ዘመን እንኳ፣ የቀበሌው ቀስቃሽ በድምፅ ማጉያ ለስብሰባ ሲጣራ መንገዱ መካከል ቆመው፣ «ጓድ፣ አብዮቱ ቀስ ብሎ ቢያልፍ ምናለ? ለእሱው ሲሠራ ያደረ ሰው ተኝቷል» አሉት። ጓዱ ግራ ቀኙን አየ። ከዚያም ማጉያውን በብብቱ ሸጉጦ የስብሰባውን ጥሪ ከቤት ቤት እየዞረ በሹክሹክታ አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ «አልሰማሁም ነበር» ብሎ የሚቀር ሰው ጠፋ።

በዚህ ሰፈር አስማማው የሚባል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሲያነጥስ ግድግዳውን ይቅርታ የሚጠይቅ ልጅ ነው። ሰው ከሩቅ ሲመጣ ካየ ለሰላምታው በልቡ ረቂቅ ያዘጋጃል፤ ረቂቁን አርሞ ሳይጨርስም ሰውየው አልፎት ይሄዳል። አባቱ መሪጌታ መርስዔ ኀዘን ዘጌ የሚያገለግሉ የዜማ መምህር ናቸው። ልጃቸውን ከዜማው አውጥተው ወደ ዘመናዊ ትምህርት ሲልኩት የደብሩን ሰው ሁሉ ወቀሳ ችለዋል። አሁን ትምህርት ቤቱ ለጥናት ተዘግቶ የማትሪክ ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

ነገር ግን ከመስኮቱ ሥር ሙቀጫ አለ። ሙቀጫው ሲያርፍ ሬዲዮ ይነሣል፤ ሬዲዮው ሲያርፍ ሳቅ ይነሣል። አስማማው ወጥቶ «እባካችሁ» ለማለት አራት ቀን ተለማመደ። በአምስተኛው ቀን በድፍረት ወጣና የሚወቅጡትን ሴቶች «በርቱ» ብሏቸው ተመልሶ ገባ።

በስድስተኛው ቀን በሕይወቱ የመጀመሪያውን ወንጀል ፈጸመ። የአቡጀዲ ቁራጭ ፈልጎ በበሩ እጀታ ላይ አሰረ። ከዚያም ከውስጥ ቀርቅሮ፣ ላብ እያጠመቀው መጽሐፉን ገለጠ።

«ዝም በሉ! ሰው ተኝቷል!»

እርሳሱ ከእጁ ወደቀ። ሰው የተባለው እሱ ነበር። ሙቀጫው ግን ጸጥ አለ።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አጠና። የእነ ዳኘውን እንቅልፍ ሰርቆ የሚጠቀም ስለመሰለው ኅሊናው አላስተኛውም። ቀበሌው ደርሶበት ሂስና ግለሂስ ሲያስደርገው እየታየው፣ ሦስት ገጽ ግለሂስ በልቡ አዘጋጀ፤ መግቢያው ረዘመበትና እንደገና ጀመረው።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከደጅ የሚያውቀውን ድምፅ ሰማ።

«ልጄን አስማማውን ብዬ ከዘጌ መጥቼ ነበር» አሉ መሪጌታ።

«ዝም ይበሉ አባቴ!» ብለው ጮኹ እትዬ ሸዋዬ። «ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ ተኝቷል!»

«የምን ፈረቃ?»

«የፋብሪካ ነዋ! በሩ ላይ አቡጀዲውን አያዩም?»

«ትምህርቱንስ?» አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው።

«የሆነውን ሲነቃ ይጠይቁት። እዚህች ድንጋይ ላይ አረፍ ይበሉ።»

«የለም፣ የምሰማውን ሰማሁ። ይቺን ሎሚ ይስጡልኝ። አባትህ መጥቶ ነበር፣ በጀልባው ተመለሰ ይበሉልኝ። ለትምህርት ነበር ከዜማው ያወጣሁት...»

አስማማው መቀርቀሪያውን ይዞ ቆሟል። ከወጣ ሰፈሩ ሁሉ አጭበርባሪነቱን ያውቃል፤ ካልወጣ አባቱ ልጄ ትምህርቱን ጣለ ብለው ሐይቁን ይሻገራሉ። አንድ ዓረፍተ ነገር አዘጋጀ፤ ሠረዘው። ሌላ አዘጋጀ፤ እሱም ደስ አላለውም። በሦስተኛው ላይ ሳለ የአባቱ መቋሚያ መሬቱን እየመታ ሲርቅ ሰማ። ያለ ምንም ረቂቅ በሩን ከፍቶ በባዶ እግሩ ወጣ።

«አባባ! አልተኛሁም! ፋብሪካም አልገባሁም! አቡጀዲውን ያሰርሁት ለማጥናት ብዬ ነው፤ ዋሽቻለሁ!»

እንዲህ ጮኾ አያውቅም። ሙቀጫቸውን ራቅ አድርገው የሚወቅጡት ሴቶች ዘነዘናቸውን እንደያዙ ቀሩ። መሪጌታ ዞረው መጽሐፉን በእጁ አዩ። አስማማው ወደ እትዬ ሸዋዬ ተመለሰና አንገቱን ደፋ።

«እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። አታለልሁዎ።»

«አንተ? እኔን?» እትዬ ሸዋዬ በጣም ተቀየሙ። «ሃያ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ስጠብቅ፣ እያንኮራፋ ገጽ የሚገልጥ ሰው አላጋጠመኝም። የመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁብህ።»

«ታዲያ ለእኔ ምነው ሐቁን ቢነግሩኝ?» አሉ መሪጌታ።

«እነዚህ እየሰሙ ተማሪ ነው ልበልዎ? ሙቀጫቸውን ሊያነሡበት! በጆሮዎ እንዳልነግርዎ ደግሞ ሹክሹክታ አልፈጠረብኝም።»

መሪጌታ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ፤ ገና ግን አላመኑም። «እኔ ደጁ ላይ ስቆም የንባብ ድምፅ አልሰማሁም። ዝም ብሎ የሚማር ተማሪ በእኛ ቤት የለም። በል አሰማኝ። በእንግሊዝኛው አንብብና በአማርኛ ተርጉም።»

በግራም በቀኝም በሮች አቡጀዲ ታስሯል። አስማማው የእትዬ ሸዋዬን ፊት እያየ በሹክሹክታ ማንበብ ጀመረ።

«ከፍ አድርገው እንጂ!» አሉ እትዬ ሸዋዬ። «አባትህ ምኑን ይስሙት?»

አንዷ ሴት የያዘችውን ወንፊት ጣለች። አስማማው ጉሮሮውን ጠርጎ የፊዚክሱን መጽሐፍ አነበበ፤ ተረጎመም፦ ድምፅ በአየር ከሚሄደው ይልቅ በጠጣር ነገር ውስጥ ፈጥኖ ይሄዳል። መሪጌታ በመቋሚያቸው ምት እየሰጡ አዳመጡ፤ ትርጓሜው ሲያልቅም «እንዲያ ነው!» አሉ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

ይኼኔ ከጎን ካለው ክፍል፣ በእርግጥም ከሌሊት ፈረቃ ገብቶ የተኛው ሸማኔው አዘዘ በግድግዳው በኩል ተጣራ። «ማነህ አንተ? እንዴት ነው እሱ? እስቲ ድገመው።»

አስማማው መጽሐፉን ሊከድን ሲል እትዬ ሸዋዬ ወደ ግድግዳው ዞሩ።

«አንተ ደግሞ ተራህን ጠብቅ» አሉ። «መጀመሪያ ለእኔ ይድገምልኝ።»