ምሰሶው ላባን ከራሱ በላይ ስላነሣበት ዕለት

ባለከዘራዋ መምህርት በሁለተኛው የባሌት አዳራሽ በነገሡ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ የአዳራሹ ማሞቂያ በተበላሸ በአራተኛው ወር፣ ኃያለ መትከፍት፣ ነዊኀ እድ፣ ማለትም ትከሻው ኃያል እጁም ረጅም የሆነ፣ ሲዘል ጣሪያ የሚያሰጋ፣ ሲያርፍ ድመት የሚያስቀና፣ ባልደረቦቹም ስለ ቁመቱና ስለ ግትርነቱ ምሰሶው ብለው የሰየሙት ደናሽ፣ አንዲት ሴት ከራሱ በላይ አንሥቶ ሳይጥል ሊያወርድ ተነሣ።

ምሰሶው ለብቻው ሲደንስ አቻ አልነበረውም፤ በጥንድ ሲደንስ ግን አጣማጆቹ ይሸሹት ነበር። አንደኛይቱን ወገቧን ሲይዝ ጎኗ ላይ አምስት ጣት አትሞ ሰደዳት። ሁለተኛይቱን ሲያሽከረክር ፊቷን ወደ ግድግዳ አድርጎ አቆማት። ሦስተኛይቱን፣ ስሟ ላባ ጠባይዋ በርበሬ የሆነችውን፣ ወደ ላይ ካነሣት በኋላ የገዛ ክንዱን ማማር በመስታወት ሲያደንቅ ዘነጋትና በዳሌዋ ወደቀች፤ አሥር ቀንም በአንድ ጎኗ ብቻ ተኛች።

በዚያም ወራት የቡድኑ ዳይሬክተር በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ እንዲህ ሲል አዋጅ አስነገረ፦ «በሚመጣው ወር የመጨረሻ ዓርብ ጥንዶችን አያለሁ። ማንሣት ያቃተው ወንድ ከኋላ ቆሞ ዛፍ ይሆናል።» ምሰሶው ሁለት ዓመት ሙሉ ዛፍ ሆኖ የኖረ ሰው ነበርና ይህን ባነበበ ጊዜ ዳግመኛ ዛፍ ላለመሆን ማለ።

ወዲያውም በቤቱ ዘመቻ ከፈተ። በመጀመሪያው ቀን የተጠቀለለ ፍራሽ አነሣ፤ በሁለተኛው ቀን የሩዝ ጆንያ አነሣ፤ በሦስተኛው ቀን ታላቅ እህቱን ከነሥራ ልብሷ አነሣና በእርሷ ራስ የሳሎኑን አምፖል ሰበረ። እናቱም ማማሰያዋን እንደያዘች ከወጥ ቤት ወጥታ አወጀች፦ «አውርዳት! ልጄን አውርዳት ብዬሃለሁ! ሰው ከማንሣትህ በፊት ጠዋት ራስህን ከአልጋ አንሣ!» ዘመቻውም በዚሁ ተፈታ።

ላባም ድና ስትመለስ ሌላ ወንድ ሁሉ ተይዞ ስለ ጠበቃት ከምሰሶው ጋር ተጣመረች። ለወጉ ምስክር ሊሆኑ የተሰበሰቡትም እነዚህ ነበሩ፦ ወፍራም መነጽር ያደረጉት ሽማግሌው ፒያኖ ተጫዋች፣ መርፌ በከንፈሯ የነከሰችው ልብስ ሰፊ፣ ነገር የገባው ወጌሻም ከነበረዶ ከረጢቱ። በእነርሱም ፊት ላባ አወጀች፦ «ስማ፣ እኔ ጆንያ አይደለሁም። የምዘለው እኔ ነኝ፤ ያንተ ሥራ ዝላዬን አለማበላሸት ነው።»

መምህርቷም ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ሁለት ጊዜ መቱና መስታወቱ ሁሉ በአንሶላ እንዲሸፈን አዘዙ፦ «ራስህን የምታይበት መስታወት ቤትህ አለ። እዚህ እሷን እይ። ትንፋሿን ስማ፤ ጉልበቷ ሲታጠፍ ያንተም ይታጠፍ። እስካዝዝህ ድረስ ማንሣት የለም።»

በመጀመሪያው ሳምንት ጀግናው ከኋላዋ መራመድ ብቻ ተማረ፤ በዚያም ተረከዟን አራት ጊዜ ረገጠ፣ አራት ጊዜም ተሰደበ። በሁለተኛው ሳምንት ስትሽከረከር ወገቧን በመዳፉ መጨበጥ ትቶ ሚዛኗን በጣቶቹ ጫፍ መጠበቅ ተማረ። ከዕለታት አንድ ቀንም ጣቶቹ ጎኗ ላይ ሳሉ መንቀጥቀጧን ሰማ፤ ያች ኃይለኛ ሴት ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ስትፈራ እንደኖረች ያን ጊዜ ገባውና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ወደደ። እንዲህም አወጀ፦ «ፈርተሻል። ያስፈራሁሽም እኔ ነኝ። ይቅር በይኝ።» እርሷም መለሰች፦ «ይቅርታህን በክንድህ አሳየኝ።» በሦስተኛውም ሳምንት መምህርቷ ፈቀዱና እስከ ትከሻው፣ ከዚያም ከራሱ በላይ አነሣት። አልጣላትም።

ዓርብም ደረሰ። ዳይሬክተሩ በወንበሩ ተቀመጠ፤ ፒያኖው ተሰማ፤ ላባ ትንፋሿን ሳበች፣ ጉልበቷን አጠፈች፣ ዘለለች፤ ምሰሶውም አብሮ ተነሣና እነሆ ከራሱ በላይ አየር ላይ ተዘረጋች። በዚያ የምትቆየው አራት ምት ብቻ ነበር። ነገር ግን ሽማግሌው ተአምሩን ሊያዩ አንገታቸውን ቢያሰግጉ መነጽራቸው ወደቀ፤ የሚቀጥለውን ገጽ ማየት ስላልቻሉም ያንኑ አራት ምት ደግመው መቱ፣ ሠለሱም። ዜማው ወደሚቀጥለው ገጽ ካልዞረ ማውረድ የለምና ጀግናው ስምንት ቆጠረ፣ አሥራ ሁለት ቆጠረ፤ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ተንጠለጠለ፣ ክንዱም እሳት ሆነ። ከላይ የነበረው ትንፋሽ ግን አልተናወጠም፤ እርሱም ያንን እየሰማ ቆመ። በአሥራ ሦስተኛው ምት ላባ ፈገግታዋን ሳታጠፋ ከሰማይ አወጀች፦ «አባባ! መነጽርዎ ከፔዳሉ ሥር ነው!»

ሽማግሌውም በአንድ እጃቸው እየመቱ በአንድ እጃቸው ዳብሰው አገኙት፤ ዜማው ዞረ፤ ምሰሶውም እንቁላል እንደሚያስቀምጥ ሰው ቀስ ብሎ አወረዳት፣ የእግር ጣቶቿም ጫፍ ወለሉን ሲነካ ድምፅ አልተሰማም። ወጌሻው በረዶውን በገዛ ግንባሩ ላይ አደረገ።

ዳይሬክተሩ መነጽሩም ሆነ ድጋሚው የዳንሱ አካል መስሎት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ብዕሩንም አንሥቶ ጠየቀ፦ «ልጅቷ በረረች! ከሥሯ የነበረው ማን ነው?»

መምህርቷ በአሥራ አንድ ዓመት ንግሥናቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ምሰሶውም ክንዶቹን ወደ ላይ ማንሣት አቅቶት እንደ ተንጠለጠሉ «እኔ ነኝ» አለ። በዘመኑ ብዙ ኃያላን ታይተው ተጨበጨበላቸው፤ እርሱ ግን ሙሉ አሥራ ስድስት ምት በአዳራሽ መካከል ቆሞ ሳይታይ ቀረ። ከዚህ የሚበልጥ ክብር በጥንድ ዳንስ ሠራዊት ውስጥ ለማንም አልተሰጠም፣ አይሰጥምም።