ክብርት ወይዘሮ ለምን እና ቡናማው ክኒን

ጠያቂ የሌለው ጤና ጣቢያ ገና አልተሠራም። ወረፋው በር አልፎ፣ ሐኪሙ ምሳው ቀርቶበት፣ «አንዲት ጥያቄ ብቻ» ብሎ ወንበሩን የሚያመቻች ሰው የትም አይጠፋም። በቤተሰብ ምጣኔ ክፍሏ ነርስ ላይ የደረሱት ግን የጠያቂዎች ሁሉ አለቃ ነበሩ። በሆዷ «ክብርት ወይዘሮ ለምን» የሚል ማዕረግ ሰጠቻቸው።

ክብርትነታቸው ዓይነ ስውር ናቸው፤ ሥራቸው የመሥሪያ ቤት ስልክ ማገናኘት ነው። መጀመሪያ የመጡ ቀን የባላቸው እህት ክንዳቸውን ይዛ ነበር። ነርሷ እንደ ልማዷ ወደ እህትየዋ ዞራ፣ «የወር አበባ ያየችው መቼ ነው?» አለች።

«የአበባው ባለቤት እዚህ ናት። ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ አልታወረም» አሉ ክብርትነታቸው። እህትየዋንም በትህትና ወደ ውጭ ሸኟት።

ከዚያማ ጥያቄው እንደ በረዶ ወረደ። መርፌው ለምን ወር ያዛባል? ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕስ ምን ያህላል? «አምጪው፣ ልዳስሰው።» ዳሰሱት። «ይህቺ ናት እንዴ ያን ሁሉ ወሬ ያስወራችው!»

ክኒኑ ላይ ሲደርሱ ነርሷ በቃሏ ወረደችው። «ከነጩ ትጀምሪያለሽ፤ ቡናማዎቹ እርግዝና አይከላከሉም፣ ለመጨረሻው ሳምንት ናቸው።»

«ቡናማ ሲዳሰስ ምን ይላል?»

አሥራ ሁለት ዓመት ስትሠራ ይህን የጠየቃት የለም። ዓይኗን ጨፍና ማሸጊያውን በጣቷ ዳሰሰችው። «ሁሉም አንድ ናቸው» አለች ቀስ ብላ።

«እንደኔው ዓይነ ስውር የሆነች ጓደኛዬም ያው ሆነባት፤ ነጩን ከቡናማው አደባልቃ ዋጠች። ልጁ አሁን ሦስት ዓመቱ ነው። ነፍሷን ትሰጠዋለች፤ መውለዱን ግን አልመረጠችም። ወረቀት ነበር የሰጧት። ማን ያንብብላት? ጎረቤት?»

ነርሷ መቀስ አነሳችና በቡናማዎቹ በኩል ያለውን ጥግ ቆረጠችው። «እዚህ ስትደርሺ የመጨረሻው ሳምንት ገባ ማለት ነው።»

ክብርትነታቸው ጥጉን ደጋግመው ዳሰሱት። «ስንት ዓመት ተምረሽ ነው ይህን ያወቅሽው፣ ሲስተር?»

«አሁን ነው የተማርኩት።»

ከዚያ ወዲያ በቀጠሯቸው ቀን ነርሷ «መጣች ደግሞ!» እያለች ታጉረመርማለች። ካርዳቸውን ግን ራሷ ከሁሉም ሥር ታደርገዋለች፤ መጨረሻ ላይ ሲገቡ የሚያጣድፍ ወረፋ የለማ።

አንድ ጊዜ ቀሩ። ነርሷ ቀኑን ሙሉ በሩ ሲንኳኳ ቀና ስትል ዋለች፤ ለማንም አልተናገረችም እንጂ ከፍቷት ነበር።

በሳምንቱ በሩ ተከፈተ። ክብርትነታቸው ከፊት፣ ከኋላቸው ሰባት ሴቶች አንዷ የሌላዋን ትከሻ ይዘው፣ በትራቸው ወለሉን እያንኳኳ ገቡ።

«ይቅርታ፣ እነዚህን ስሰበስብ ነው የቆየሁት» አሉ።

ግርግሩን የሰማው ኃላፊ ከቢሮው ወጣ። «ይህ ሁሉ ሰው የማን ነው?»

ነርሷ ከወንበሯ ተነሳች። «የእኔ ናቸው» አለች፣ ደረቷን ነፍታ።

ከዚያ ወረቀቱን ሁሉ ከጠረጴዛው ጠራርጋ ሉፑን፣ ክኒኑን፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውን አንድ በአንድ ደረደረች።

«በሉ፣ እጃችሁን አምጡ።»