እንግዳ ያጣው የምስጋና ቀን

የሰው ልጅ ከፈለሰፋቸው ታላላቅ ነገሮች መካከል እንደ ኮሚቴ የተባረከ የለም። እሳት ያቃጥላል፤ ቢላዋ ይቆርጣል፤ ኮሚቴ ግን ማንንም ጎድቶ አያውቅም። ጎዳ ቢባል እንኳ የትኛው አባል እንደጎዳ አይታወቅም። ይህን ጥበብ ጠንቅቆ የሚያውቅ፣ ማቀዝቀዣ እየገጣጠመ የሚሸጥ አንድ የተከበረ ድርጅት ነበረ፤ ዘንድሮ ሠራተኞቹን በአዳራሽ ሰብስቦ ሊያመሰግን ቆርጦ ተነሣ።

ሥራው የወደቀው በሕዝብ ግንኙነትና በደንበኞች ቅሬታ ክፍል ተጠባባቂ ኃላፊ ትከሻ ላይ ነው። ተጠባባቂ ማለት ወንበሩ ላይ የተቀመጠ፣ ወንበሩ ግን የእሱ ያልሆነ ሰው ነው። ይህ ምስኪን ከመጠባበቅ ብዛት ፀጉሩ ከግንባሩ ሸሽቶ ማጅራቱ ላይ ተጠግቷል። አማቱ እንኳ ለጎረቤት ሲያስተዋውቁት "ተጠባባቂው የልጄ ባል" ይሉታል፤ ተጠባባቂነቱ የሥራው ይሁን የባልነቱ ግን አያብራሩም።

ዋና ሥራ አስኪያጁ አስጠሩት።

"ስማ" አሉት፣ "አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ጭብጨባው ጣሪያ ሲነቅል ማየት እፈልጋለሁ። ከተሳካ የክፍሉን ቋሚ ኃላፊ እዚያው መድረክ ላይ አሳውቃለሁ።"

"ካልተሳካስ ጌታዬ?"

"ካልተሳካማ ወንበሩ ሰው አያጣም። ደግሞ ብቻህን አትሩጥ፤ ኮሚቴ አዋቅር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!"

እውነት ነው፤ አባቶቻችን ሲናገሩ አይሳሳቱም። ሎሚውን ማን እንደሚጨምቀው ግን ሳይነግሩን አልፈዋል።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ወሬውን ከፊቱ ላይ አነበበችው።

"ሙሉ ልብስ ይሰፋልህ!"

"ኧረ ቆይ፣ መጀመሪያ ይነገር።"

"ምን ቆይ አለው? ስንቆይ ስንቆይ አይደል እንዴ ያረጀነው!"

አማቱማ ጊዜ አላባከኑም፤ ራት ሳይቀርብ ሰፈሩ ሁሉ "እንኳን ደስ አላችሁ" ብሎ ጨረሰ። እንግዲህ ሹመቱ ቢቀር ሰውዬው የሚቀረው ከአንድ ወንበር ብቻ አይደለም፤ ከሰፈርም ነው።

ኮሚቴው ሲጀመር ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ጥፋቱ የመጣው ከሰደርያው ነው። ለእያንዳንዱ አባል ከጀርባው "አስተባባሪ" የሚል የተጻፈበት ቀይ ሰደርያና የመገናኛ ሬዲዮ ተሰጠው። ቀይ ሰደርያ የለበሰ ሰው ደግሞ አይራመድም፤ ይንጎራደዳል። መጸዳጃ ቤት ሲሄድ እንኳ "ወደ ቦታው በመንቀሳቀስ ላይ ነኝ" ብሎ በሬዲዮ ያሳውቃል።

በማግስቱ ገንዘብ ያዧ ፊቷን አጨፍግጋ መጣች።

"ምን በደልኩህ?"

"ኧረ ምንም!"

"ታዲያ እነሱ ሲንጎራደዱ እኔ ከማን አንሼ ነው ቁጭ ብዬ የማጨበጭበው? ስለ አንተ ጠባይ የተጠየቅኩ ዕለት እንግዲህ እኔም አፍ አለኝ።"

ሊሾም የተቃረበ ሰው ጠላት አያፈራም። ሰደርያውን በሁለት እጁ አቀረበላት። ከእሷ ቀጥሎ ዕቃ ግምጃ ቤቱ አኮረፈ፤ እሱንም "የጭብጨባ አመራር ግብረ ኃይል" ውስጥ ከተተው። ገጣጣሚዎቹ በቡድን መጥተው "የወንበር አደራደር ንዑስ ኮሚቴ" ሆኑ። የመድረኩን አበባ ውኃ የሚያጠጣም ኮሚቴ ተቋቋመ። አበባው ፕላስቲክ መሆኑ ሲታወቅ ኮሚቴው አልፈረሰም፤ ሥራው ወደ ክትትል ተለወጠ። ዘበኛው የመግቢያና መውጫ ጉዳዮች ሰብሳቢ ተባለ። የጽዳቷ እትዬ ብቻ ቀርተው ነበር፤ እሳቸውም አንድ ቀን ወለሉን ሲወለውሉ ቀና ብለው፣ "ልጄ፣ ሰደርያው በእኔ ልክ አይገኝም?" አሉት። ተገኘ።

ታዲያ ተጠባባቂያችን ሞኝ እንዳይመስላችሁ። በመጨረሻው ስብሰባ ላይ አንድ ነገር ከነከነውና ጠየቀ።

"ለመሆኑ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማነው?"

 የወንበር ኮሚቴው ሰብሳቢ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እኛ ወንበሩን ደርድረናል። ተቀማጩ በእኛ ሥር አይደለም።"

ከረጅም ውይይት በኋላ ጉዳዩን የሚያጠና ሌላ ኮሚቴ ተሰየመ፤ የጥናቱ ውጤት ከዝግጅቱ በኋላ እንዲቀርብም በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ አቤት ማማሩ! ነጭ የለበሱ ወንበሮች እስከ በሩ ተሰልፈዋል። ሠራተኛው ሁሉ ቀዩን ለብሶ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ ቆሟል። ወንበር ላይ የሰው ዘር የለም።

"ዋናው በር፣ ዋናው በር፣ ይሰማል?"

"ይሰማል።"

"ምን አዲስ ነገር አለ?"

"ምንም የለም።"

"ተቀብያለሁ፤ በዚሁ ቀጥሉ።"

ተጠባባቂው በአዲሱ ሙሉ ልብሱ ውስጥ ላብ አጠመቀው። ገንዘብ ያዧን ክንዷን ያዘ።

"በሞቴ፣ አንዴ ቁጭ በይልኝ!"

"አብደሃል? ሥራ ላይ ነኝ እኮ! ሥራ አስኪያጁ ቁጭ ብዬ ቢያዩኝ ምን ይላሉ?"

ሁሉም እንደዚያው አለው። ኃላፊነት የሚሰማው ሠራተኛ ከማፍራት ይሰውራችሁ፤ ለምኖ ለምኖ አንድ ሰነፍ አጣ።

ይኼኔ ነው አንድ መነጽር ያደረገ ሰው በበሩ ገብቶ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ዘፍ ያለው። ለቅሬታ የመጣ ደንበኛ ነው፤ ቅሬታ ክፍሉ ቢዘጋበት ድምፅ ተከትሎ እዚህ ደረሰ። ተጠባባቂው እንደ መልአክ ተቀበለው።

"ፍሪጃችሁ ያሞቃል" አለ ሰውዬው። "ወተት አስቀምጬ እርጎ አወጣሁ። ስንቴ ልመላለስ?"

"ጌታዬ፣ ዛሬ ያልቅልዎታል። ብቻ እዚሁ ይቀመጡ፤ ሰው ሲያጨበጭብ ያጨብጭቡ።"

ሰውዬው ዞር ዞር ብሎ አየ። "የትኛው ሰው?"

"እንዲያው እርስዎ ይጀምሩት።"

ሥራ አስኪያጁ መድረክ ላይ ወጡ። ንግግራቸውን ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ ጀመሩ፤ "ውድ የተቀመጣችሁ ሠራተኞቻችን!" ደንበኛው አጨበጨበ። "ቅዝቃዜያችን በየቤቱ ገብቷል!" አሉ። ቶሎ ቢጨርሱለት ብሎ አብዝቶ አጨበጨበ። "ለእኛ ደንበኛ ንጉሥ ነው!" ሲሉ ግን አልቻለም፤ "አንድ ጊዜ ይፈቀድልኝ!" ብሎ ብድግ አለ። የጭብጨባ ግብረ ኃይሉ ምልክት መስሎት አዳራሹን በጭብጨባ አናጋው። ሥራ አስኪያጁ ቀና ሲሉ ያዩት አንድ ሰው ቆሞ እጁን ሲያነሣላቸው ነው። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ተጠባባቂው ክራቫቱን አስተካክሎ ወደ መድረኩ ደረጃ ተጠጋ። 

"አዳራሹን ቃኘሁት" አሉ ሥራ አስኪያጁ። "ሌላው ሁሉ ወዲያ ወዲህ ሲል፣ በሬዲዮ ሲያወራ፣ ንግግሬን ከልቡ ያዳመጠ አንድ ሰው ብቻ አየሁ። የሕዝብ ግንኙነትና የደንበኞች ቅሬታ ክፍል ቋሚ ኃላፊ ከዛሬ ጀምሮ እሱ ነው!"

ደንበኛው ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ማንም የለም።

"እኔ እኮ... ፍሪጁ..."

"ትሕትናውን ተመልከቱ!" አሉ ሥራ አስኪያጁ።

ከዚያ በኋላ የጭብጨባ ግብረ ኃይሉ የጭብጨባን ሥራ አሳየ። ጣሪያው ተነቀለ ማለት ይቻላል።

ተጠባባቂው ያን ዕለት እንዴት ቤቱ እንደገባ፣ አማቱም ምን እንዳሉት አልናገርም፤ ለእሱ ብዬ ሳይሆን ለእሳቸው ብዬ ነው። በማግስቱ እርር ድብን እያለ ዕቃውን ሊሰበስብ ቢሮ ሄደ። አዲሱ ኃላፊ ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። አንድ ነገር ግን አጽናናው፤ እኚህ ሰው ቢያንስ የደንበኛን ብሶት ያውቃሉ፤ የራሳቸውን ጉዳይማ ዛሬውኑ ይፈቱታል ብሎ አሰበ።

"ጌታዬ፣ ያደረ ጉዳይ አለ" አላቸው። "ፍሪጁ የሚያሞቅበት ደንበኛ።"

አዲሱ ኃላፊ በወንበሩ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ተሽከረከሩ። መደገፊያውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

"ያ ሰውዬ" አሉ መነጽራቸውን እያስተካከሉ፣ "አሁንም አልተወንም? ጉዳይህን ኮሚቴ ይዞታል፤ ነገ ተመለስ በሉት።"

ተጠባባቂያችን የቢሮውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ወንበሩ ባለቤቱን ስለማግኘቱ ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።