አንድ ክላክስ ለችግር፣ ሁለት ለለውጥ

በየማለዳው፣ ገና ፊታቸውን ሳይታጠቡ፣ ክብርት እማማ ተጠቃሚ ቴሌቪዥናቸውን አንሶላ ያለብሳሉ። ብርድ እንዳይመታው አይደለም። እንግዳ ሊመጣ ይችላላ!

እርዳታ በገባበት ሰፈር ሁሉ እንደ እሳቸው ያለች አንዲት ሴት አትጠፋም። ስሟን ሳይጠይቋት ችግሯን የምትናገር፣ ፎቶ ሲነሳ ወዴት ማየት እንዳለባት የምታውቅ፣ ሹመቱ ያልተጻፈላት የድህነት አምባሳደር። የቢሮ ሰዎች ድጋፍ የሚያገኘውን ሁሉ «ተጠቃሚ» ስለሚሉ ሰፈርተኛው ስሙን ለእማማ ቅጽል አድርጎ ሰጣቸው። እሳቸውም አልጠሉትም።

የእርዳታ ድርጅቱ አዲሷ ሪፖርት ጸሐፊና አስተርጓሚ ይህን አታውቅም ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው «የዓለም አቀፍ ልማት መግቢያ» ቀጥ ያለ ነገር ነው፤ ችግር አለ፣ እርዳታ ይመጣል፣ ችግሩ ይሄዳል። የመጀመሪያ ቀን ወደ እማማ ቤት ሲቃረቡ ሾፌሩ ክላክሱን ሲያንባርቀው ክው አለች።

«መንገዱ ላይ ሰው የለም እኮ!»

«ለእማማ ነው። አንዴ ከነፋሁ ችግር አጥኚዎች መጡ ማለት ነው፤ ቴሌቪዥኑ እንደተሸፈነ ይቆያል። ሁለቴ ከነፋሁ ለውጥ ገምጋሚዎች ናቸው፤ ይገለጣል።»

«ውሸት አይሆንም?»

«ቴሌቪዥኑም የራሳቸው፣ ድህነቱም የራሳቸው። ምኑ ላይ ነው ውሸቱ?»

ልጅቷ ትሳቅ ትደንግጥ ግራ ገባት። ከዚያም በኋላ ግራ መጋባቷ እየባሰ እንጂ እየቀለላት አልሄደም። አቅም ግንባታ የሚሉ እንግዶች መጥተው ሲጠይቋቸው እማማ ወገባቸውን ይዘው «አቤት፣ ተገንብቷል!» አሉ። የሴቶች መብት የሚሉት ደግሞ ቤት ውስጥ ውሳኔ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ጠየቁ። «ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ነው» አሉ ኮራ ብለው። ባላቸው ከሞቱ ስንት ዘመናቸው! ልጅቷ ይህንን ስታስተረጉም ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

በመጨረሻ ትልቁ ልዑክ መጣ። የሰፈሩ እናቶች ልጆቻቸውን አቆይተው ሥራ የሚሄዱበት የሕፃናት ማቆያ በድርጅቱ ፕሮጀክት ነው የሚተዳደረው። ይቀጥል ወይስ ይዘጋ የሚለውን የሚወስኑት እነዚህ እንግዶች ናቸው። ችግሩ፣ አጥኚውም፣ ገምጋሚውም፣ የመብት ሰዎቹም በአንድ መኪና ታጭቀዋል። ሾፌሩ ቸገረው፤ ጨነቀውና ሦስቴ ነፋ።

ሲገቡ ቴሌቪዥኑ ግማሹ ተሸፍኖ ግማሹ ተገልጦ ነበር። ዜና አንባቢው አገጩ ብቻ እየታየ ያወራል። እማማ የአንሶላውን ጫፍ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

የልዑኩ መሪ ፈገግ እንኳ አላሉም። «የዚህ ሰፈር ኑሮ ተሻሽሏል ወይስ አልተሻሻለም?» ብለው እማማን ጠየቁ።

ልጅቷ መልሱን በልቧ አመዛዘነች። እማማ ተሻሽሏል ካሉ፣ ማቆያው ሥራውን ጨርሷልና ይዘጋል። አልተሻሻለም ካሉ፣ ፋይዳ የለውምና ይዘጋል። ቃል ላቀብላቸው እንዳትል ደግሞ አፏ የአስተርጓሚ አፍ ነው። ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው።

«ማቆያው ክፍት የዋለ ቀን ተሻሽሏል» አሉ እማማ፣ አንሶላውን ለቀቅ አድርገው። «በዓል ሆኖ ሲዘጋ ግን እዚህ በር ላይ ይምጡና ለቅሶውን ይስሙት። ሕፃኑም እናቱም ነው የሚያለቅሱት። ዛሬ ክፍት ነው፤ እኔን ከሚጠይቁኝ የሰፈሩን ጸጥታ አይሰሙም?»

መሪው ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አዘነበሉ።

ማቆያው እንዲቀጥል ተወሰነ። በማግስቱ ልጅቷ የእማማን ታሪክ ልትጽፍ ብቻዋን መጣች።

«ከሕፃናቱ የእርስዎ የልጅ ልጅ የትኛው ነው?» አለች በቀስታ።

«የልጅ ልጅ የለኝም፣ የኔ ልጅ።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ እንግዶቹን የሚያነጋግሩት ለምንድን ነው?»

«እናቶቹ ሲደክሙ ውለው ነው የሚመጡት። በዚያ ላይ ልጅ ታቅፈው ለማያውቁት ሰው ገበናቸውን ሲዘረግፉ ማየት አልወድም። ያፍራሉ። እኔ ለምጄዋለሁ፤ እንባዬም ቅርብ ነው።»

ልጅቷ ልታቅፋቸው አሰበችና አፈረች፤ መጻፏን ቀጠለች።

«ባሌንም ጻፊው፣ ክላክሱንም ጻፊው» አሉ እማማ። «ከዚህ ፕሮጀክት አንድም ነገር ደርሶኝ እንደማያውቅ ግን፣ በሞቴ፣ እሱን ብቻ ተዪልኝ።»