ከሥር የታየ አውሮፕላን

አንድም ነገር ሠርቶ የማያውቅ፣ የሌላውን ሥራ ግን ሳያገላብጥ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው በእናንተ ሰፈር የለም? እድለኞች ናችሁ! እኔ ነቀምቴ ውስጥ ነበረኝ፤ ኦቦ ዲንሳ የሚባል ጸሐፊ፣ አንዴ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ደርሶ የተመለሰ።

እኔ ደግሞ ማንም ሳያስተምረኝ ከዋንዛ እንጨትና ከቆርቆሮ ትንንሽ አውሮፕላኖች የምሠራ ሰው ነኝ። በጃንሆይ ዘመን በከተማችን ላይ የሚያልፈውን እያንጋጠጥሁ ሆዱን፣ ክንፉን፣ ጎማውን ሳይቀር አስመስዬ ሠራሁ። ጀርባውን ግን ከምድር ሆኖ ማን ያየዋል? አሰብሁና የፓይለቱን መቀመጫ እዚያ አደረግሁ፤ ኮርቻ ከነእርካቡ።

የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር በወላጆች በዓል ሊያሳየው ፈለገና፣ አስቀድሞ እንዲመረምረው ኦቦ ዲንሳን ጠራ። እሱም ገና ሲያየው ሳቀ።

«ኦቦ ጉተማ፣ እንደ በቅሎ ነው እንዴ የሚጋለበው? ፓይለቱ ውስጥ ነው የሚቀመጠው!»

«ሲቀመጥ አይተኸዋል?»

«በሩ ዝግ ነበር።»

«እንግዲያው ዝም በል!»

ዲሬክተሩ ግን አንገራገረ፤ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ፣ ኮርቻውን ያየ ሰው ሁሉ ይስቅብናል አለ። የስድስት ወር ልፋቴ ወደ ቤት ሊመለስ ነው። ታዲያ እኔ እሺ ልል ነው? መሰላል ተውሼ የአዳራሹ ጣሪያ ላይ በሲባጎ ሰቀልሁት።

በበዓሉ ቀን አገሩ ሁሉ አንጋጦ «ራሱ ነው!» አለ። ኦቦ ዲንሳም ሳይወድ አንጋጠጠ፤ የሚነቅፈው ግን አላገኘም።

ከዚያ ወዲህ አርባ ሠርቻለሁ። ሁሉም ኮርቻ አላቸው፣ ሁሉም ጣሪያ ላይ ናቸው። መተቸት የፈለገ ይምጣ፤ መሰላሉ ግን እኔ ዘንድ ነው።